ከተከላ የተረፉት አገር በቀል ችግኞች ሌላ ዕድል ይሰጣቸው

የክረምቱ ችግኝ ተከላ ሲጠናቀቅ በየወረዳው ሪፖርት ይዘጋጃል። ስንት ችግኝ እንደተዘጋጀ፣ ስንቱ እንደተተከለ፣ ስንት ሄክታር እንደተሸፈነ ከቀበሌ ተለቅሞ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይላካል። የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህ ቁጥር የየዓመቱ ትልቅ ዜና ሆኗል። መልካም ነው። ከተተከለው ምን ያህሉ ጸደቀ የሚለው ጥያቄ አብሮ መነሳቱ ደግሞ የበለጠ መልካም ነው። ነገር ግን በሪፖርቱ ቅጽ ላይ ቦታ ያልተሰጠው አንድ ጥያቄ አለ፤ በችግኝ ጣቢያው የቀሩትስ ምን ሆኑ?

መስከረም ከጠባ በኋላ ወደ አንድ ችግኝ ጣቢያ ጎራ ያለ ሰው መልሱን በዓይኑ ያየዋል። በመደቡ ጥግ ሳይነሱ የቀሩ ችግኞች አሉ። አንዳንዱ ግንዱ ጎብጧል፤ አንዳንዱ ከሚፈለገው ቁመት አልፏል፤ አንዳንዱ ሥሩ ፕላስቲኩን ቀዶ መሬት ውስጥ ገብቷል፤ ሌላው ደግሞ በፕላስቲኩ ውስጥ ሥሩ እንደ ጥምጣም ተጠቅልሏል። የደን ባለሙያው እነዚህን ለተራራ አለመምረጡ ትክክል ነው። ሥሩ የተጠመጠመ ችግኝ ተራራ ላይ ቢተከል በመጀመሪያው በጋ ሊደርቅ ይችላል፤ ቢጸድቅ እንኳ እያደገ ሲሄድ ነፋስ ይጥለዋል። ስለዚህ ይቀራል። ከዚያም ውኃ ማጠጣቱ ይቆማል፤ ይጠወልጋል፤ በመጨረሻም ይራገፋል። ከእነዚህ መካከል ወይራ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባና ግራር ይገኙበታል። ዘራቸው ተለቅሞ፣ ወራት ሙሉ ውኃ ጠጥተው፣ የሰው ጉልበት ፈስሶባቸው የደረሱ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ እነዚህ ችግኞች ከመራገፋቸው በፊት በሸክላ ሳህን ላይ ተተክለው፣ እየተገረዙና እየተቃኑ፣ ቁመታቸው አጭር ሆኖ ለዘመናት የሚኖሩ ድንክ ዛፎች ቢደረጉ የሚል ነው። ሥራው በዓለም ላይ ቦንሳይ በሚለው የጃፓን ስሙ ይታወቃል። ለእኛ አርሶ አደሮች፣ ለችግኝ ጣቢያ ሠራተኞችና ለከተማ ነዋሪዎች ጥሩ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሊሆን ይችላል። በጥንቃቄ ካልተያዘ ግን የተረፈንን ጥቂት አገር በቀል ዛፍ ሊያስነቅል የሚችል ሥራ ነው። ስለዚህ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ገና ሳይስፋፋ መነጋገር ይበጃል።

ነገሩ ምንድን ነው?

ቦንሳይ የሚለው ቃል ትርጉሙ በዝርግ ሳህን የተተከለ ማለት ነው። ጥበቡ ከቻይና ተነሥቶ በጃፓን የተስፋፋ ነው። ብዙ ሰው እንደሚመስለው የተለየ የድንክ ዛፍ ዘር የለውም። ዛፉ ያው ተራራ ላይ የሚበቅለው ዛፍ ነው። ያሳጠረው ሦስት ነገር ነው፤ የሳህኑ ጥበት፣ የሥሩ መከርከምና የቅርንጫፉ መገረዝ። ዛሬ በሳህን ያለ ወይራ ነገ ተነሥቶ ማሳ ዳር ቢተከል ወደ ሙሉ ቁመቱ ያድጋል።

ቁመቱ ከአንድ ስንዝር እስከ አንድ ሜትር ገደማ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ማጠሩ ሳይሆን ያጠረው ዛፍ ያረጀ ትልቅ ዛፍ መስሎ መታየቱ ነው። ግንዱ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ መሄድ አለበት፤ ሥሩ በአፈሩ ፊት ላይ ተዘርግቶ መታየት አለበት፤ ቅርንጫፎቹም በየደረጃው መቀመጥ አለባቸው። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለውን ያረጀ ወይራ በዓይነ ኅሊናው የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚፈለግ ለመረዳት አይቸገርም።

እንዲህ ያለ ዛፍ በእንክብካቤ ከሰው ዕድሜ በላይ ይኖራል። በዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፀዋት ማዕከል ውስጥ አንድ የጃፓን ዛፍ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ በሳህን ሲያድግ የኖረ ነው። ያማኪ የተባለ የጃፓን ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፈው ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል ከፍንዳታው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ከቤተሰቡ ግቢ አጥር ጀርባ ሆኖ ተርፏል። እ.ኤ.አ. በ1976 ማሳሩ ያማኪ ለአሜሪካ ሕዝብ በስጦታ ሰጡት። በዚያው በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከደረሰ በኋላ፣ ከከተማዋ የወጡ የቦንሳይ አልሚዎች እ.ኤ.አ. በ1925 ኦሚያ በሚባል ቦታ የራሳቸውን መንደር መሥርተዋል። መንደሩ እስከ ዛሬ አለ፤ ከብዙ አገር ሰው ሊያየው ይሄዳል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስል አፍሪካንም እንይ። በደቡብ አፍሪካ ቦንሳይ የሚያለሙ ሰዎች በብዛት ከሚወዷቸው ዛፎች አንዱ የዱር ወይራ ነው። ይህ የዱር ወይራ ከእኛው ወይራ ጋር አንድ ወገን ነው። እኛ ለማገዶ የምንቆርጠው፣ የወተት ዕቃ የምናጥንበት፣ ጥርስ የምንፍቅበት ወይራ በዚያ አገር በሳህን ተተክሎ ለኤግዚቢሽን ይቀርባል። የደቡብ አፍሪካ አልሚዎች ከዚህም አልፈው የጃፓንን ቅርጽ ብቻ መኮረጅ ትተው፣ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋውን የግራር ቅርጽ የራሳቸው ስልት አድርገዋል። ስሙንም ያገራቸውን ግራር በሥዕሎቹ ባስተዋወቀው ሠዓሊ በፒርኔፍ ሰይመውታል። የኛም ቆላና ወይና ደጋ በዚህ ቅርጽ የተሞላ ነው።

የትኞቹ ዛፎቻችን ይሆናሉ?

ለዚህ ሥራ የሚመቸው ዛፍ ትንሽ ቅጠል ያለው፣ ሲገረዝ ቶሎ የሚያቆጠቁጥ፣ ሥሩ ሲነካ የማይሞት ነው። ቅጠል በግረዛ ሊያንስ ይችላል፤ አበባና ፍሬ ግን አያንስም። ስለዚህ ፍሬው ትልቅ የሆነ ዛፍ በትንሽ ሳህን ላይ አያምርም። በዚህ መለኪያ ሲታይ ተፈላጊ የሚሆኑት አብዛኛውን ጊዜ የምንንቃቸው፣ ግንድ አይወጣቸውም፣ ጣውላ አይሆኑም የምንላቸው ናቸው።

ወይራ የመጀመሪያው ነው። ፍየል እየጋጠው እንኳ ደጋግሞ ያቆጠቁጣል፤ ግንዱ ሲያረጅ ይቆረፍዳል፤ ድርቅ ይችላል። ለጀማሪ ከወይራ የተሻለ መምህር የለም።

ችብሃ፣ ሾላና ዋርካ ከአንድ ወገን ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ ችብሃ ይመረጣል፤ ቅጠሉ ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል እንደሚጸድቅ ለመኖና ለአጥር የሚተክሉ አርሶ አደሮች አስቀድመው ያውቁታል። ስለዚህ ዘር መጠበቅ አያስፈልግም። የዚህ ወገን ዛፎች ሥራቸው አፈሩ ላይ ወጥቶ ሲዘረጋ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበትን የመንደሩን ዋርካ ያስታውሳል።

አጋም ነጭና መዓዛ ያለው አበባ፣ ጠቆር ያለ ትንሽ ፍሬ አለው። እድገቱ ዝግ ያለ ነው፤ እሾሁም ይወጋል። ትዕግሥት ላለው ሰው ግን አበባውና ፍሬው በሳህን ላይ ያምራል። ቀጋም እንዲሁ ነው፤ ነጭ አበባውን ተከትሎ የሚመጣው ቀይ ፍሬ ልጆች የሚያውቁት ነው።

የሐበሻ ጥድ ውብ ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ቅጠሉ ፈጽሞ ከተራገፈ ያረጀ ቅርንጫፍ ላይ መልሶ አያቆጠቁጥም። ስለዚህ ሲገረዝ ሁልጊዜ አረንጓዴ ጫፍ ሊተውለት ይገባል። ብዙ ሰው ከፈረንጅ ጥድ ጋር ስለሚያምታታው ችግኝ ሲወስድ ባለሙያውን ጠይቆ መለየት አለበት።

ግራር ቅጠሉ ደቃቃ ስለሆነ ለጃንጥላ ቅርጽ ይስማማል። ክትክታ በተራቆተና ድንጋያማ መሬት የሚበቅል፣ ማንም የማይሳሳለት ቁጥቋጦ ነው፤ ከችግኝነቱ ተይዞ ቢሞከር ጥሩ ነው። በአንጻሩ ዋንዛ፣ ብሳናና ኮሶ ሰፋፊና ረጃጅም ቅጠል ስላላቸው ለዚህ አይመረጡም፤ ቦታቸው ማሳውና ደኑ ነው።

ተፈጥሮ ራሷ ይህን ሥራ ስትሠራ ማየት የፈለገ ደግሞ ወደ ጮቄ፣ ወደ ጓሳ ወይም ወደ ስሜን ተራሮች ይውጣ። በውርጭና በነፋስ የተቀጣው አስታ ከፍ ወዳለው ቦታ ሲወጣ እያጠረ፣ ግንዱ እየተጣመመ፣ ሽበት እየመሰለው ይሄዳል። ይህ ለዓይን ትምህርት ነው። ለመንቀል ግን አይደለም፤ ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

እንዴት ይሠራል?

አርሶ አደሩ ለዚህ ሥራ ባዳ አይደለም። ለእርፍ የሚሆነውን ጉብጥ እንጨት ገና በቁሙ ሳለ በዓይኑ ይለያል። እንጨት በእርጥቡ እንደሚቃና ያውቃል። ቡና አብቃዩ ያረጀውን ቡና ጎንድሎ ሲያድስ፣ የአፕል አልሚው ቅርንጫፉን ድንጋይ አንጠልጥሎ ወደ ጎን ሲያወርድ የሚያደርጉት ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። የሚለየው ሳህኑና ትዕግሥቱ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ችግኝ መምረጥ ነው። ቀጥ ያለውንና ረጅሙን ለተራራው ተዉት። ግንዱ ከታች የወፈረ፣ ጎበጥ ያለ፣ ከታች ጀምሮ ቅርንጫፍ ያለው ይመረጣል። ከተከላ የሚቀሩት እነዚህ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ግንዱ ገና እርሳስ የሚያህል ከሆነ ወዲያው ወደ ሳህን አይገባም። ሳህን እድገትን ስለሚገታ ቀጭን ግንድ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ በጓሮ መሬት ወይም በትልቅ ዕቃ ተተክሎ ሁለት ሦስት ዓመት በነፃነት ይደግ፤ ሲወፍር ወደ ታች ይቆረጥ፤ እንደገና ያቆጥቁጥ። ይህ ደረጃ አሰልቺ ነው። የዛፉ ግርማ የሚገኘው ግን እዚህ ላይ ነው።

አፈሩ ውኃ የማያቁር መሆን አለበት። ዋልካ አፈር ለዚህ ፈጽሞ አይሆንም፤ ሲረጥብ ሥሩን ያፍነዋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለብሎኬት ሥራ የሚውለው ቀይ አሽ ጥሩ ነው። ተሰባብሮ፣ ዱቄቱ በወንፊት ወጥቶ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህለው ይቀራል። ከዚህ ሁለት እጅ፣ ከበሰለ ኮምፖስት አንድ እጅ መቀላቀል ለጀማሪ ይበቃል።

ወደ ሳህን የሚዛወርበት ጊዜ ዝናቡ ሲይዝ ሰኔ አካባቢ ነው። ችግኙ ከፕላስቲኩ ይወጣል፤ የተጠመጠመው ሥር በእንጨት ይፈታል፤ ወደ ታች የሚወርደው ወፍራም ሥር ያጥራል፤ ከጠቅላላው ሥር ሲሶ ያህሉ ይከረከማል። ሥር በተቀነሰ መጠን ቅጠልም መቀነስ አለበት፤ አለበለዚያ ዛፉ የሚያተነውን ውኃ መተካት አይችልም። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ጥላ ሥር ይቀመጣል። እስከ አንድ ወር ድረስ ማዳበሪያ አይሰጠውም። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይኸው የሥር ክርከማ ይደገማል።

ቅርንጫፍ ለማቃናት ልስልስ ያለ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሽቦ በቅርንጫፉ ላይ እንደ ሐረግ ይጠቀለላል፤ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይታጠፋል። ሽቦው ልጡን መብላት ሳይጀምር መፈታት አለበት። ሽቦ ያላገኘ ሰው በገመድ ወደ ታች ማሰር ወይም ድንጋይ ማንጠልጠል ይችላል።

ውኃው ላይ መዘናጋት አይቻልም። ሳህኑ ጥልቀት ስለሌለው በበጋ ወራት በየቀኑ መታየት አለበት። መለኪያው ጣት ነው፤ የአፈሩ ፊት ሲደርቅ ይጠጣል፣ እርጥብ ከሆነ ይቆያል። ምስር ወይም ሩዝ የታጠበበት፣ ሳሙና ያልነካው ውኃ ይበቃዋል። በደጋ አካባቢ ከኅዳር ጀምሮ በሚመጣው ውርጭ ሌሊት ከግድግዳ ሥር መጠጋት አለበት። ሌላው ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር ይህን ዛፍ እንደ ሳሎን ጌጥ ቤት ውስጥ ማኖር ነው። ወይራም ጥድም የፀሐይ ልጆች ናቸው፤ ቤት ውስጥ ከከረሙ ይሞታሉ። ቦታቸው ደጅ ነው።

ሳህኑ የማን ይሁን?

የሳህኑ ነገር ለብቻው ሊነሳ የሚገባው ነው። በየገበያው እንስራ፣ ጀበናና ምጣድ ይዘው የሚቀመጡ ሸክላ ሠሪ እናቶችን እናውቃለን። እንስራን ጄሪካን ተካው፤ ድስትን አሉሚኒየም ተካው፤ የሸክላ ምጣዱም በየከተማው በኤሌክትሪክ ምጣድ እየተነካ ነው። ሙያው በክብር ሳይታይ የኖረ መሆኑ ደግሞ የአደባባይ ምስጢር ነው። ለድንክ ዛፍ የሚያስፈልገው ሳህን ሰፋ ያለ ወጭት ማለት ነው። ልዩነቱ ከታች ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ፣ ከሥሩ ደግሞ ውኃው እንዲወርድ ከፍ የሚያደርጉት አጫጭር እግሮች ያሉት መሆኑ ነው። ጥልቀቱ የግንዱን ውፍረት ያህል ቢሆን ይስማማል። ይህን ለመሥራት እናቶቻችን አዲስ ሥልጠና አይሹም፤ ንድፉን ማሳየትና ማዘዝ ይበቃል። በጃፓን የሳህን ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እዚህም ዛፉ ዋጋ እስኪያወጣ ዓመታት ሲፈጅ፣ ሳህኑ ግን በተሠራበት ሳምንት ይሸጣል።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

ተራራው ራቁቱን ቆሞ ሳለ ዛፍ በሳህን መትከል ቅንጦት አይሆንም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሳህን የሚተከለው ዛፍ ለተራራው ከተመደበው ላይ የሚቀነስ ቢሆን ኖሮ እኔም እቃወም ነበር። እዚህ የምንናገረው ግን ተመርጦ ስለቀረው ነው። በሪፖርትም ላይ እንደ ተተከለ ችግኝ ሊቆጠር አይገባም። የሳህን ዛፍ አፈር አይዝም፣ ምንጭ አያጎለብትም። የሚይዘው የሰውን ዓይን ነው፤ ይህም ቀላል አይደለም። በከተማ የሚያድግ ልጅ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ እያየ ነው የሚያድገው። ወይራን በስሙ የሚያውቀው የወተት ዕቃ ሲታጠን ነው፤ አጋምን ጨርሶ ላያውቀው ይችላል። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ስሙ ተጽፎበት፣ ተማሪው በተራው ውኃ የሚያጠጣው አንድ ወይራ ስለ አገር በቀል ዛፍ ከሚሰጥ የአንድ ሰዓት ንግግር ይበልጣል።

ሌላው ተቃውሞ ዛፍን እንዲህ መቁረጥና ማሰር ማሠቃየት ነው የሚል ነው። ግረዛ በሚገባ ከተሠራ ዛፍን አይጎዳም። ጎንደላ ቡናን ያድሳል እንጂ አይገድልም። የሚጎዳው ቸልተኝነት ነው። በችግኝ ጣቢያ ጥግ ሥሩ ተጠምጥሞ፣ ውኃ ተከልክሎ እንዲደርቅ የተተወው ችግኝ ከተገረዘው ይልቅ ሊታዘንለት ይገባል።

ገበያውስ? እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ይሻላል። ይህ በአንድ ዓመት ውስጥ ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ አይደለም። ከችግኝ ተነስቶ ለዓይን የሚሞላ ዛፍ ለማድረስ አምስት፣ ስምንት፣ ከዚያም በላይ ዓመታት ይጠይቃል። ለሥራ አጥ ወጣት ማኅበር አደራጅቶ ብድር ሰጥቶ በዓመቱ መልሱ ማለት ሥራውንም ወጣቱንም መግደል ነው። ስለዚህ በትርፍ ጊዜ ሥራነቱ ይጀመር። በየከተማው መንገድ ዳር አበባና ችግኝ የሚሸጡ ወጣቶች ከጽጌረዳውና ከቡገንቪሊያው ጎን ለጎን አሥር ወይራ በጥግ ቢያስቀምጡ የሚያጡት ነገር የለም። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ትልቁ አደጋ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በዚህ ሥራ ውስጥ ሁልጊዜም አንድ ፈተና አለ። ችግኝ አሳድጎ አሥር ዓመት ከመጠበቅ ይልቅ፣ ተፈጥሮ መቶ ዓመት የሠራችውን ያረጀ ጉቶ ከተራራ ነቅሎ ሳህን ላይ ማስቀመጥ ይቀላል። ዋጋውም በአንድ ሌሊት ይመጣል። ጃፓን ይህን አይታለች። ሺምፓኩ የሚባለው የተራራ ጥድ ባለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ተፈላጊ ሲሆን፣ ለቃሚዎች በገመድ ገደል እየወረዱ ያረጁትን ነቀሉ፤ በታወቁት ተራሮች ላይ ያረጀ ሺምፓኩ ማግኘት ብርቅ እስኪሆን ድረስ ተመናመነ። በኋላ አልሚዎቹ ወደ ቁርጥራጭና ወደ ችግኝ ተመለሱ። መመለሱ ባይቀር መጀመሪያውኑ ከዚያ መነሳት ይሻል ነበር።

እኛ ከዚህ የምንማረው አለን። የቀረን ያረጀ አገር በቀል ዛፍ ያለው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በገዳማት፣ እንደ ወፍ ዋሻና ጣራ ገዳም ባሉ ደኖች፣ በጥብቅ ቦታዎችና አርሶ አደሩ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ አድርጎ ባገገመው ተዳፋት ላይ ነው። በዚያ ተዳፋት ላይ ፍየል እየጋጠው ለዓመታት ጎብጦ የኖረ የወይራ ጉቶ ለቦንሳይ ነጋዴ ወርቅ ነው። ለተራራው ግን ተዳፋቱን የያዘ ካስማ ነው። ንክኪው ሲቀርለት ከማንም ቀድሞ የሚያገግመው እርሱ ነው፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ስላለ ችግኝ ተክሎ ከመጠበቅ ይልቅ ቶሎ ዛፍ ይሆናል። ነቅሎ የወሰደ ሰው የወሰደው አንድ ጉቶ ሳይሆን የነገውን ደን ነው። ከዚህም ሌላ ያረጀ ዛፍ በልምድ ማነስ ሲነቀል አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ለአንድ የሚተርፍ ብዙ ይጠፋል።

ሕጉ በዚህ ላይ ባዕድ አይደለም። ገና በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን ለይቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ወይራ፣ አጋምና ክትክታ ግን በእንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ ስማቸው አልነበረም። ለዚህ ሥራ በጣም ተፈላጊ የሚሆኑት ደግሞ እነርሱ ናቸው። የቀበሌ ጥበቃ አባላት መጥረቢያ የያዘን ሰው ለማስቆም ለምደዋል፤ አካፋና ጆንያ የያዘውን ግን ላይጠረጥሩት ይችላሉ።

ስለዚህ ደንቡ ከገበያው መቅደም አለበት። ደንቡም አጭር ሊሆን ይችላል፤ ለሳህን የሚሆን ዛፍ ከችግኝ ጣቢያ፣ ከዘር ወይም ከቁርጥራጭ ብቻ ይነሳል። ብቸኛው ልዩ ሁኔታ በመንገድ፣ በቤት ወይም በመስኖ ቦይ ሥራ ምክንያት መነሳቱ የማይቀር ዛፍ ሲሆን፣ እርሱም የባለ ይዞታው ፈቃድና የቀበሌው ግብርና ባለሙያ ማረጋገጫ ሲኖር ነው። ግሬደር ሊገፋው የተቃረበ የወይራ ጉቶን ማዳን ጽድቅ ነው፤ ከቅጥር መንቀል ግን ስርቆት ነው።

ምን ይደረግ?

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ለዚህ ተጨማሪ በጀት አይጠየቁም። የሚጠየቁት የአሠራር ለውጥ ነው። በመጀመሪያ፣ ተከላው ሲያበቃ በየጣቢያው የቀሩት አገር በቀል ችግኞች በዝርያ ተለይተው ይቆጠሩ፤ ከመራገፋቸው በፊትም ለሚፈልግ ትምህርት ቤት፣ የአርሶ አደር ቤተሰብና የከተማ ነዋሪ በዝርዝር ተፈርሞ ይሰጡ ወይም በትንሽ ዋጋ ይሸጡ። የሚወስደው ሰው እጅ ያለው ፊርማ ዛፉ ከተራራ አለመነቀሉን የሚያሳይ ማስረጃም ይሆነዋል። ሁለተኛ፣ በየዞኑ አንድ ጣቢያ አንዲት መደብ ለሙከራ ትመድብ፤ ወይራ፣ ችብሃና አጋም እንዴት እንደሚገረዙ ሠራተኞቹ እየሠሩ ይማሩ። ሦስተኛ፣ ከላይ የተባለው የነቀላ ክልከላ በቀበሌ ስብሰባ ይነገር፤ የማኅበረሰብ ደን መተዳደሪያ ደንብ ባለበትም አንድ መስመር ሆኖ ይግባ። አራተኛ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሸክላ ሠሪዎችንና ችግኝ አልሚዎችን ያገናኙ።

አርሶ አደሩም ይህን አዲስ የመንግሥት ዘመቻ ብሎ እንዳያየው እመክራለሁ። ኮታ የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም። ከእርሻ ሲመለስ ግማሽ ሰዓት ያለው፣ ከቤቱ ደጅ አንድ ወይራ በተሰነጠቀ ወጭት ላይ ተክሎ የሚገርዝ ሰው ካለ በቂ ነው። አዛውንቶች በዚህ ሥራ ከወጣቶች ይበልጣሉ፤ ጉልበት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ዓይንና ትዕግሥት ነው። አያት የጀመረውን የልጅ ልጅ ይቀጥለዋል፤ በመካከሉ ልጁ የዛፉን ስምና ጠባይ ይማራል።

የዘንድሮው ተከላ ሲያበቃ በየጣቢያው የሚቀሩ ጎባጣ ችግኞች መኖራቸው አይቀርም። መስከረም ላይ ሊጥላቸው የተዘጋጀ የጣቢያ ኃላፊ ካለ፣ ከማራገፉ በፊት ቢያንስ ወይራዎቹን ይለይ። የሚወስዳቸው ሰው ይመጣል።